የጤና ወለል፦ ሥራና ቤተሰብ ሲወጥሩን ጤናን የምናስቀድምበት መንገድ

«ጤና ይቀድማል» የማይል ሰው የለም። ሳምንቱ ሲጀመር ግን ተራውን ለሌላው የሚለቀው ሁሌም ጤና ነው። ሥራ ዴድላይን አለው፤ አለቃ ይደውላል። ልጅ ያለቅሳል። ባል ወይም ሚስት ያኮርፋሉ። ሰውነት ግን ለዓመታት ዝም ብሎ ይችላል። ዛሬ ሪፖርቱን ካልላካችሁ ነገ ጠዋት ትጠየቃላችሁ። ዛሬ እንቅልፍ ብታጡ ግን ነገም ሥራ ትገባላችሁ፤ ሂሳቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው። እንዲህ ባለ ፉክክር ጤና በየቀኑ ቢሸነፍ አይገርምም።

መፍትሔው በየቀኑ እንዲፎካከር አለማድረግ ነው። የደመወዝ ወለል እንደሚባለው ሁሉ ለጤናችሁም ወለል አብጁለት፦ ትንሽ፣ ቁርጥ ያለ፣ ቀድሞ የተወሰነ መጠን። ሌላው ሁሉ በዙሪያው ከፍ ዝቅ ይበል፤ ወለሉ ግን አይነካ።

«ሚዛን» ሲባል ብዙ ሰው ለሥራ፣ ለቤተሰብና ለራስ እኩል እኩል ማካፈል ይመስለዋል። እንደዚያ ያለ ሳምንት የሚኖረው ሰው አላውቅም። አንዱ ሳምንት ሥራ ይበላዋል፣ ሌላው ሳምንት ደግሞ ልጅ ይታመምና የሆስፒታል ይሆናል። ይሄ የኑሮ ወግ ነው። አደጋው የሚመጣው ሥራውም ቤቱም በተጨናነቀ ቁጥር የሚቆረጠው ያው አንድ ነገር ሲሆን ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት እንዳለ መዝግቡ

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ተራ ሳምንት ምረጡና የሆነውን እንደሆነ ጻፉ። አፕ አያስፈልግም፤ ደብተር ወይም የስልክ ኖት ይበቃል። ማታ ማታ አራት ነገር ብቻ፦ ስንት ሰዓት ተኝቼ ስንት ሰዓት ተነሳሁ? ስንት ሰዓት ሠራሁ? ስልክ ሳልይዝ ከማን ጋር ተቀመጥኩ? ሰውነቴ ዛሬ ምን አለኝ?

ሁለተኛው ላይ ራሳችሁን አትሸንግሉ። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የሥራ ግሩፕ ውስጥ መልስ መስጠትም ሥራ ነው። እራት እየበሉ ኢሜይል ማየትም እንደዚያው።

አራተኛው ላይ ደግሞ ራስ ምታት፣ የትከሻ መወጠር፣ ቃር፣ ሌሊት መንቃት ካለ ጻፉ። ብስጭትንም አትርሱ። ልጁ ብርጭቆ ደፋ ብላችሁ የጮኻችሁበት ቀን ካለ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት ገልጣችሁ እዩ። ስንት ሰዓት ተኝታችሁ ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ጋ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሂሳቡን ሥሩ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለእንቅልፍ 52፣ ለሥራ 45፣ ለመንገድ 10 ሰዓት ብንቀንስ 61 ይቀራል። ማብሰል፣ ማጠብ፣ ልጅ ማስጠናት 35 ሰዓት ቢወስድ እንኳ 26 ሰዓት ተርፏል። የት ሄደ? የስልካችሁ የስክሪን ሰዓት መቁጠሪያ ግማሹን ምስጢር ይነግራችኋል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው ጊዜውን ያባከነው ስልክ ላይ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ አራስ ልጅ ያለው፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ወላጅ የሚያስታምም ሰው ሂሳቡን ሲሠራ 26 ሰዓት ላያገኝ ይችላል። እንደዚያ ከሆናችሁ ደረጃ 2ን አንብባችሁ ቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ፤ እሱ ለእናንተ የተጻፈ ነው።

ደረጃ 2፦ ወለላችሁን ወስኑ

ወለል ምኞት አይደለም። «ክብደት እቀንሳለሁ፣ በየቀኑ ጂም እገባለሁ» ማለት ጣሪያ ነው። ወለል የሚባለው፣ ሥራ በበዛበት ሳምንት እንኳ ልትጠብቁት የምትችሉት ነው። አምስት ነገር ይኑረው።

እንቅልፍ። በሁሉም ነገር ከተሸነፋችሁ እንኳ በዚህ አትሸነፉ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። «እኔ 5 ሰዓት ይበቃኛል» የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን ለ14 ቀን በቀን 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች እንዲተኙ አደረገ። በመጨረሻ በትኩረትና በማስታወስ ፈተና ላይ ያሳዩት ውጤት ሁለት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኛ ካደረ ሰው ጋር እስከ መቀራረብ ደረሰ። የሚገርመው ሌላ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ያን ያህል መዳከማቸው አልታወቃቸውም፤ «ትንሽ ድካም ነው እንጂ ደህና ነን» አሉ። እንቅልፍ ማጣት ራሳችንን የምንመዝንበትን ችሎታም ይሰርቀናል። ስለዚህ «ይበቃኛል» የሚለውን ስሜት አትመኑት፤ ሰዓቱን ቁጠሩ።

መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህንንም ያዙ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ በተሠራ ጥናት 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ወርዶ ተገኝቷል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 17 ሰዓቱ የሚሞላው ማታ 5 ሰዓት ላይ ነው። ጠጥቶ አይነዳም የምትሉት ያ ጨዋ ጓደኛችሁ አምሽቶ ሠርቶ ሲነዳ ግን ማንም ምንም አይለውም።

እንቅልፍን ለመጠበቅ የሚረዳው የመነሻ ሰዓትን አንድ ማድረግ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። መነሻው ከተረጋ መተኛው ቀስ ብሎ ይከተለዋል። ቡና የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ካፌን ከሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ አስታውሱ። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ስኒ ጠጥታችሁ ዝጉት። ሰው ከሰው ይለያያል፤ እናንተ ጋ ለውጥ ካላመጣ ምክሩን ተዉት።

በነገራችን ላይ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱና ለራሳችሁ ጊዜ አግኙ» የሚለውን ምክር አልወደውም። ማታ 3 ሰዓት የሚተኛ ሰው ይሞክረው። እኩለ ሌሊት ለሚተኛ ሰው ግን ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው እንደመክተት ነው።

እንቅስቃሴ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። 150ውን ለሰባት ቀን ብታካፍሉት በቀን 22 ደቂቃ አይሞላም። «መካከለኛ» የሚባለው እየሄዳችሁ ማውራት ስትችሉ፣ መዝፈን ግን ሲያቅታችሁ ነው። ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሆን አለበት ይባል ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ይህን አንስቶታል። ደረጃ ስትወጡ ያሳለፋችሁት 3 ደቂቃም ይቆጠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ያስፈልጋል፤ ፑሽአፕ፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት፣ ከባድ ነገር ማንሳት።

ምግብ። እዚህ ላይ አላበዛም። ምግብ አትዝለሉ፣ ኪቦርድ ላይ ተደፍታችሁ አትብሉ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን።

ምርመራ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው። ግን በጣም የሚያሳስቡት ነገሮች አያሙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳለው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ የደም ግፊት ካለባቸው 1.28 ቢሊዮን ሰዎች 46 በመቶው ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መለካቱም ወግ አለው። ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም ስፖርትም ይቅር። ሽንታችሁን ሽኑ። ወንበር ላይ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ መሬት አስረግጣችሁ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ቁመት ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ማሽኑ እየነፋ ሳለ አታውሩ። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙና ሁለቱንም ቁጥር ከነቀኑ ጻፉ። እየሮጡ ገብተው፣ እየተጨዋወቱ የተለኩት ግፊት ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። በሁለት የተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ካነበባችሁ «ስትረስ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው። የስኳር ምርመራውንም በዚያው አስደርጉ፣ በተለይ ቤተሰብ ውስጥ ካለ።

አንድ ሰው። በሳምንት ቢያንስ አንዴ «እንዴት ነህ?» ሲላችሁ «ደህና» ብላችሁ የማታልፉት ሰው። ባለቤታችሁ ሊሆን ይችላል፣ ጓደኛ ወይም እህት። ይህን ከጤና ወለል ውስጥ የጨመርኩት ለማሳመር አይደለም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው፣ ሰዎችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከታተለው ጥናት፣ በ50 ዓመታቸው በግንኙነታቸው ደስተኛ የነበሩት በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና እንደነበራቸው አሳይቷል። የመሐል ዕድሜያቸው ኮሌስትሮል እንኳ ያን ያህል አልጠቆመም።

አሁን አምስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ በቁጥር ጻፉ። «በቂ እንቅልፍ» አትበሉ፤ «7 ሰዓት፣ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል» በሉ። «ስፖርት» አትበሉ፤ «በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ የእግር መንገድ» በሉ።

ደረጃ 3፦ ሳምንቱ ከመሙላቱ በፊት ቦታ ያዙለት

እሑድ ማታ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ካላንደራችሁን ክፈቱና መጀመሪያ ወለሉን አስገቡ፤ ከዚያ ስብሰባውን፣ ከዚያ ሌላውን። ቅደም ተከተሉ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። «ጊዜ ሲተርፈኝ እሄዳለሁ» ያለ ሰው ጊዜ ተርፎት አያውቅም።

ከዚያ እያንዳንዱን ከአንድ የታወቀ ነገር ጋር እሰሩት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ለዓመታት ያጠናው ይህንን ነው፦ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው፣ «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ ያደርገዋል። «ከቢሮ በር ስወጣ፣ ትራንስፖርት ከመያዜ በፊት ሁለት ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ።» «ጥርሴን ስቦርሽ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ እሰካለሁ።» የሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ውጤት ሞክራችሁ እዩት። ስልክ ራስጌ ከሌለ ማንቂያ ሰዓት መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፤ ያዋጣል።

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለንደን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ግን ወደ 66 ቀን ገደማ አግኝቷል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን፣ አንዳንዱ ከ8 ወር በላይ። ደስ የሚለው፣ አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አላበላሸውም። ስለዚህ ረቡዕ ካመለጣችሁ ሐሙስ ቀጥሉ። «እስከ ሰኞ ልተወው» አትበሉ።

ደረጃ 4፦ ከሥራ ጋር ተነጋገሩ

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡት ትንታኔ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎችን ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር አነጻጽሯል። የስትሮክ አደጋቸው 35 በመቶ፣ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመሞት አደጋቸው 17 በመቶ ከፍ ያለ ነው። በደረጃ 1 የመዘገባችሁት የሥራ ሰዓት 55ን ከነካ፣ ይሄ የባሕርይ ወይም የትጋት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ግን እንዴት ይነገራል? «ከዛሬ ጀምሮ ጤናዬን ላስቀድም ወስኛለሁ» ብላችሁ አዋጅ አታውጁ። አለቃ አዋጅ አይወድም። በሥራው ቋንቋ ተናገሩ። ጠረጴዛችሁ ላይ ሌላ ሥራ ሲጣል እንዲህ በሉ፦

«እሺ፣ እሠራዋለሁ። አሁን የያዝኩት የወሩ ሪፖርት ነገ ማለቅ አለበት። ይሄኛው ይቅደም ካሉኝ ሪፖርቱ ወደ ሐሙስ ይገፋል። የቱን ላስቀድም?»

እዚህ ውስጥ «እምቢ» የለም። ማማረርም የለም። ምርጫው ግን ወደ አለቃው ተመልሷል። ብዙ አለቆች እናንተ ላይ ስንት ሥራ እንዳለ በእውነት አያውቁም፤ እያንዳንዱን ሥራ የሰጡት በተለያየ ቀን ነዋ።

የማታ ሜሴጅ ሌላው ጣጣ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ «ያን ፋይል አየኸው?» የሚል ይመጣል። አንዴ ከመለሳችሁ ልማድ ሆነ ማለት ነው። በሰላሙ ቀን፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሜሴጅ አላይም፤ አስቸኳይ ከሆነ ግን ይደውሉልኝ፣ አነሳለሁ።» ሰው ሜሴጅ ለመላክ አያስብም፤ ለመደወል ግን ያስባል። አስቸኳይ የተባለው አብዛኛው ነገር እስከ ጠዋት ይቆያል። ፈረንሳይ ይህንን በሕግ ነው ያስቀመጠችው፤ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2017 ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና ኢሜይል ስለመዝጋት ከሠራተኞች ጋር እንዲደራደሩ ይጠበቅባቸዋል። እናንተ ሕግ ባይኖራችሁም ልማድ ማበጀት ትችላላችሁ።

የዓመት ፈቃዳችሁን ውሰዱ። ለወደፊት እየቆጠቡ ማስተላለፍ ብልህነት አይምሰላችሁ።

ይሄ ሁሉ የማይሠራበት መሥሪያ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብትተነፍሱ «አልተቻለም መሰለኝ» የሚባልበት፣ እንጀራችሁ በክር ላይ የተንጠለጠለበት። እንደዚያ ከሆነ ማንም በማያየው ጀምሩ፦ ምሳን ከዴስክ ርቆ መብላት፣ ስልክ እያወሩ መራመድ፣ የመተኛ ሰዓትን መጠበቅ። ጎን ለጎን ደግሞ ሌላ ሥራ መፈለግን የጤና ዕቅዳችሁ አካል አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ከቤት ሰው ጋር ተስማሙ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው። አለቃን ለመጋፈጥ የደፈረ ሰው ቤት ሲደርስ ጥፋተኛ ሆኖ ይሰማዋል። «ልጆቹን ጥዬ ስፖርት ልሂድ?» ይላል። በተለይ እናቶች።

«ለራሴ ጊዜ ያስፈልገኛል» ብላችሁ አትጀምሩ። እናንተ እንደዚያ ስትሉ ትዳር አጋራችሁ የሚሰማው «ከአንተ መራቅ እፈልጋለሁ» የሚል ነው። ሁለታችሁንም የሚጠቅም፣ ቀንና ሰዓት ያለው ሐሳብ ይዛችሁ ቅረቡ፦

«ማታ ማታ ሁለታችንም ደክሞን እየተጨቃጨቅን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን እኔ ላስተኛ፣ አንቺ ወጥተሽ ተራመጂ። ሰኞና ረቡዕ እኔ ልውጣ። ሁለት ሳምንት ሞክረን ካልሆነ እንተወዋለን።»

ይሄ ለምን እሺ ይባላል? መጀመሪያ የተሰጠው ለእሷ ነው። የእሱ ሁለተኛ መጣ። የሙከራ ጊዜም አለው። ወለል የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሌላው ሰው ተሸካሚ ይሆናል፤ ቅሬታው ደግሞ ስድስት ወር ቆይቶ በሌላ ነገር ሰበብ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለቱም ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጡና አንዱ የአንዱን ይጠብቅ። «ዛሬ አልወጣህም፣ ሂድ እንጂ» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከማንኛውም አፕ ይበልጣል።

ለግንኙነቱ ራሱም ወለል አብጁ። በቀን 20 ደቂቃ፣ ስልክ በሌላ ክፍል፣ ስለ ወጪና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት የማይወራበት። ሦስት ሰዓት አብሮ ቲቪ ከማየት ይሄ ይበልጣል።

የዘመድና የጓደኛ ጥሪም አለ። ሁሉም ጋ መድረስ አይቻልም። «አልችልም» ስትሉ አጭር አድርጉት፣ ሰበብ አትፍጠሩ፣ ሌላ ቀን ስጡ፦ «በዚህ ቅዳሜ አልችልም፤ ማክሰኞ ማታ ልደውልልሽ?» ከዚያ ማክሰኞ በእውነት ደውሉ። የሚያስቀይመው አለመገኘቱ ሳይሆን ቃል ገብቶ መጥፋቱ ነው።

ደረጃ 6፦ የክፉ ሳምንት ዕቅድ

ሳምንቱ ሲበላሽ ሁሉንም መተው ይቀናናል። ለዚያ ቀን የሚሆን ሁለተኛ፣ ያነሰ ወለል ከአሁኑ ጻፉ። የእኔ ምክር ይህን ይመስላል፦ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በምንም ምክንያት አይዘለል። እንቅልፍ 6 ሰዓት፣ ግን ለተወሰኑ ቀናት ብቻ። ቀን 20 ደቂቃ ሸለብ ማድረግ ከተቻለ ይደረግ። 10 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይም ቢሆን። አንድ የስልክ ጥሪ ለዚያ ለአንዱ ሰው።

አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ የምትጠይቁት ነገር አዘጋጁ። ሰው «ምን ልርዳህ?» ሲል «ኧረ ምንም፣ እግዜር ይስጥልን» እንላለን። ያኔ «ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እናቴ አጠገብ ብትቀመጥልኝ ልተኛ» ማለት ትችላላችሁ። ሰዓት ያለው ጥያቄ ሰውን አያስጨንቅም።

የክፉ ሳምንቱ ዕቅድ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። «ፕሮጀክቱ 15 ላይ ያልቃል፣ 16 ላይ ወደ ዋናው ወለል እመለሳለሁ» ብላችሁ ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉ። ቀን ከሌለው ክፉ ሳምንት ኑሮ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ በዕቅድ የማይፈቱትን ለዩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አስፍሮታል። ሦስት መልክ አለው፦ ኃይል ተሟጦ ማለቅ፣ ሥራውን መጥላት ወይም ለሥራው ግድ ማጣት፣ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። ሥራው ሲቀየር ወይም ሲቀንስ ይሻላል። ድባቴ ግን ከሥራ ውጭም ይከተላል። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ አብዛኛውን ቀን፣ ሐዘን ወይም ደስ ይለን የነበረው ሁሉ ጣዕም ማጣት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ የምትፈልጉት ዕረፍት ሳይሆን ሐኪም ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ንገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ።

የደረት መጨነቅ ወይም ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፤ በድንገት የአንድ ወገን ፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የአፍ መተሳሰር፤ እነዚህ «ስብሰባውን ልጨርስና» አይባልባቸውም። ሰባት ሰዓት ተኝታችሁም ቀን የምታንቀላፉ፣ ጠዋት ራሳችሁን የሚያማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ የምታንኮራፉ ከሆነም ተመርመሩ፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥ ሰው ሰዓቱን ቢጨምር ብቻውን አይበቃውም።

ደረጃ 8፦ በየወሩ አንዴ እዩት፣ አንድ ነገር አውጡ

በወሩ መጨረሻ 10 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ወለሉ ስንት ቀን ተጠበቀ? ስንት ቀን ተሰበረ? የሰበረው ምን ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆዩ። የሰበረው በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነገር ከሆነ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይምሰላችሁ፤ ሳምንቱ ውስጥ የማይገባ ነገር ገብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ልማድ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ነገር አውጡ። ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ልታስረክቡት የምትችሉት ኮሚቴ ይኖራል። ማንም የማያነበው ሳምንታዊ ሪፖርት ይኖራል፤ ለአንድ ወር ላለመላክ ፈቃድ ጠይቁና ማን እንደጠየቀው እዩ። በልማድ የምትሄዱበት፣ ተመልሳችሁ የምትበሳጩበት የሐሙስ ምሽት ቀጠሮ ይኖራል። ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ እስከሚቀጥለው ወር አቁሙት፤ የተለቀቀውን ሰዓት ወዲያው በእንቅልፍ ሰዓታችሁ ላይ ጨምሩት።